ቁልፉ ማን ጋ ነው?

ስለ እስር ቤት ጥበቃ ሲወራ ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣብን ማምለጥ ነው። ግንብ፣ እሾሃማ ሽቦ፣ ማማ ላይ የቆመ ባለ ጠመንጃ። ኃላፊዎችም "አንድም እስረኛ አላመለጠም" ብለው መግለጫ ከሰጡ ሥራቸውን የጨረሱ ይመስላቸዋል። ግን ባለፉት መቶ ዓመታት እስር ቤት ውስጥ እሳት ተነስቶ ብዙ ሰው ያለቀባቸውን ቀኖች አንድ በአንድ ብታዩ፣ ሰዉን የፈጀው ሳይከፈት የቀረ በር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ይሄ ጽሑፍ ስለዚያ በር ነው፤ ለምን እንደማይከፈት፣ ከጀርባው ምን እንደሚከማች፣ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ምን እያሰበ እንደሚቆም።

ከራሳችን እንጀምር። ነሐሴ 28 ቀን 2008 ዓ.ም. ቅዳሜ ጠዋት ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ከቂሊንጦ እስር ቤት፣ ጭስ ወጣ። ተኩስም ተሰማ። ወሬው ከተማውን ሲያዳርስ ጠያቂው ስንቁን እንደያዘ ሄዶ መንገዱ ተዘግቶ ጠበቀው። ቀናት ካለፉ በኋላ መንግሥት የሞቱት 23 እስረኞች ናቸው አለ፤ 21ዱ በመረጋገጥና በጭስ በመታፈን፣ 2ቱ ደግሞ ሊያመልጡ ሲሉ ተተኩሶባቸው። የተረፉት ወደ ዝዋይና ወደ ሸዋ ሮቢት ተጫኑ። ቤተሰብ ልጁ በሕይወት ይኑር አይኑር ሳያውቅ ከሆስፒታል ሆስፒታል፣ ከእስር ቤት እስር ቤት ተንከራተተ።

በኋላ 38 እስረኞች እሳቱን አስነስታችኋል ተብለው ተከሰሱ። ከመካከላቸው ምርመራ ላይ ተደብድበናል ያሉ ነበሩ፤ ፍርድ ቤቱም የሰብዓዊ መብት ኮሚሽን አቤቱታቸውን አጣርቶ እንዲያቀርብ አዘዘ። እንግዲህ እሳቱን ማን ለኮሰው የሚለው ጥያቄ ችሎት ውስጥ ብዙ ተንከባለለ። 21 ሰው ለምን መውጫ አጣ የሚለው ግን ያን ያህል ሲጠየቅ አልሰማሁም። ሁለቱ ደግሞ ለየብቻ መልስ የሚፈልጉ ጥያቄዎች ናቸው። እሳቱን የለኮሰው እስረኛ ቢሆን እንኳ፣ በሩ ላይ የቆመው እስረኛ አልነበረም።

ወደ ሆንዱራስ እንሻገር። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2012 ሌሊት ኮማያጓ በሚባለው እስር ቤት አንድ አዳራሽ ውስጥ እሳት ተነሳ። ሲነጋ ከ350 በላይ ሰው ሞቷል። እስካሁን በዓለም ላይ ከታዩት የእስር ቤት ቃጠሎዎች ይሄን የሚያህል የለም። ያመለጠው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቁልፍ ነው። እሳቱ ሲነሳ ቁልፍ የያዘው ዘበኛ አልነበረም፣ ወይም ነበረና ሸሸ፣ ወይም ትእዛዝ እየጠበቀ ነበር። የሰው ሕይወት ያዳነው ሌላ እስረኛ ነው። እስር ቤቱ ክሊኒክ ውስጥ ይረዳ የነበረ፣ በግድያ የተፈረደበት ሰው፤ ቁልፍ እጁ ገባና ከአዳራሽ አዳራሽ እየሮጠ ከፈተ። ቁልፉ ያልደረሰላቸው ብረቱን እንደያዙ ቀሩ። እስር ቤቱ ውስጥ ከነበሩት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ገና ፍርድ ያልተሰጣቸው ነበሩ።

ሆንዱራስ ይሄ የመጀመሪያዋ ቢሆን ኖሮ አላወቅንም ትል ነበር። ከኮማያጓ ስምንት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2004 እ.ኤ.አ.፣ ሳን ፔድሮ ሱላ እስር ቤት ውስጥ 107 ሰው በተመሳሳይ መንገድ ተቃጥሏል። አገሪቱ በዚያ ጉዳይ በአሜሪካ አህጉር የሰብዓዊ መብት ፍርድ ቤት ተከሳ ነበር፣ ፍርዱም የወጣው ኮማያጓ ከተቃጠለ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው። ዳኞቹ የድሮውን ቃጠሎ መዝገብ ሳይዘጉ አዲሱ ደረሰ ማለት ነው።

የድሮ ነገር እንዳይመስላችሁ እንጂ የድሮም አለው። አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ በ1930 በአንድ ምሽት 322 እስረኞች ሞቱ። ለ1,500 ሰው ተብሎ የተሠራ ቤት ውስጥ 4,300 ገደማ ታጭቀው ነበር። ጭሱ እየመጣ፣ እስረኛው እየጮኸ፣ ክፍሎቹን የሚከፍት ጠፋ፤ በመጨረሻ እስረኞች ራሳቸው ቁልፍ ነጥቀው ጓደኞቻቸውን ማውጣት ጀመሩ። የቅርቡን ካልን ደግሞ 2023 ላይ ሜክሲኮ፣ ሲውዳድ ኋሬዝ። ይሄኛው እስር ቤት እንኳ አይደለም፣ የስደተኞች ማቆያ ነው። የታሰሩት ሰዎች ተቃውሞ አንስተው ፍራሽ ለኮሱ፤ 40 ሰው ሞተ። የደህንነት ካሜራው ምስል ሲወጣ ዓለም ያየው እሳቱ ሲጨምር ጠባቂዎቹ በብረቱ በር በኩል እያለፉ ሲሄዱ ነው። አልከፈቱም።

የእኛን ሰው በብዛት የነካው ግን ሰንዓ ላይ የሆነው ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 7 ቀን 2021። ወደ ሳዑዲ ለመሻገር የመን የገቡ፣ አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን የሆኑ ስደተኞች ሁቲዎች በሚያስተዳድሩት የኢሚግሬሽን ማቆያ ውስጥ ታጭቀው ነበር። ሂውማን ራይትስ ዎች ከተረፉት ሰምቶ እንደጻፈው፣ ስደተኞቹ አያያዙ ሲመራቸው የረሃብ አድማ መቱ። ጠባቂዎቹ ደበደቧቸው፣ ከዚያ በመቶ የሚቆጠሩትን ወደ አንድ መጋዘን አስገብተው ቆለፉባቸው። የመጨረሻ ጸሎታችሁን አድርሱ ተባልን ይላሉ የተረፉት። ከዚያ የታጠቁ ሰዎች መጥተው ወደ ውስጥ የሚጨስና የሚፈነዳ ነገር ተኮሱ። መጋዘኑ ተያያዘ። ብዙ ሰው ነደደ። ሐረርጌና ጅማ፣ ወሎና አርሲ ስንት ቤት ድንኳን እንደተጣለ ማንም በትክክል አልቆጠረውም፣ ምክንያቱም ማን እንደገባ የሚናገር ሁነኛ መዝገብ አልነበረም። ይሄን የመዝገብ ነገር ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ጥያቄው። ለምን አይከፍቱም? ጭካኔ ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል። ሰንዓ ላይ የሆነው በጭካኔ ነው፣ ሌላ ስም የለውም። በሌሎቹ ቦታዎች ግን ጉዳዩ የሂሳብ ይመስለኛል፣ እሱም የዘበኛው ሂሳብ። ሌሊት ተረኛ የሆነ አንድ ዋርድያ አስቡ። ከፍቶ አንድ ሰው ቢያመልጥ ይጠየቃል፣ ይባረራል፣ ሊታሰርም ይችላል፤ ይሄን ከሥልጠናው ቀን ጀምሮ ያውቀዋል። ሳይከፍት ሰው ቢሞት ግን ምን ይሆናል? "ትእዛዝ እየጠበቅሁ ነበር" ይላል፣ ያልቃል። አንደኛው ጥፋት በስሙ ይመዘገባል፣ ሁለተኛው ደግሞ "አደጋ" ተብሎ ይለቀስለታል። እንዲህ ተደርጎ በተሠራ ቤት ውስጥ ደግ ሰው ብትቀጥሩም ደቂቃዎቹን በማመንታት ያጠፋቸዋል። ጭስ ደግሞ ደቂቃ አይሰጥም።

ከሁሉም የሚገርመኝ፣ የክፍልን በር መክፈትና እስር ቤቱን መክፈት አንድ ተደርገው መታየታቸው ነው። የመኝታ አዳራሹን ብትከፍት እስረኛው የሚወጣው ግቢ ውስጥ ነው። ግቢው አጥር አለው። ከአጥሩ ውጭ ሌላ አጥር አለው። ማማው እዚያው ነው፣ ዋናው በር እዚያው ተዘግቷል። ቂሊንጦም በሉ ቃሊቲ ግቢው በዞን በዞን የተከፈለ ነው። ከአንዱ ዞን አዳራሽ ያለውን ሰው ወደ ዞኑ ሜዳ ብታወጣው እስረኛነቱ አይቀርም። ስለዚህ "ብንከፍት ያመልጡ ነበር" የሚለው መልስ የሚሠራው ለዋናው በር ብቻ ነው፤ እዚያ ድረስ ገና ብዙ ብረት አለ።

እሳቱ ራሱ ምን እንደሚመስል ካላወቅን ደግሞ ለምን ደቂቃ እንደምንቆጥር አይገባንም። አንድ አዳራሽ ውስጥ መቶም ሁለት መቶም ሰው ይተኛል። ፍራሹ ስፖንጅ ነው። ልብሱ በፌስታልና በማዳበሪያ ታስሮ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። ተደራራቢ አልጋው በአንሶላ ተጋርዷል፣ ሰው ትንሽ ገመና ይፈልጋላ። አምፖል የሚበራው፣ ሻይ የሚፈላው አንዳንዴ በተገጣጠመ ሽቦ ነው። ስፖንጅ ሲነድ የሚያወጣው ጥቁር ጭስ መርዝ ነው፤ ነበልባሉ ሳይደርስ ሰው ይወድቃል። ቂሊንጦ ላይ "በመታፈን" የተባለው ይሄው ነው። እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ቁልፍ ለማምጣት ወደ ተረኛ መኮንኑ ቢሮ የሚደረግ ምልልስ፣ ከዚያ ላይ ከቁልፎቹ መካከል የትኛው የየትኛው በር እንደሆነ በጨለማ እየሞከሩ መፈለግ፣ በቃ፣ አልቋል።

መፍትሔው ደግሞ ሮኬት ሳይንስ አይደለም። ውድም አይደለም። የእያንዳንዱ በር ሁለተኛ ቁልፍ ተረኛው በሮጠ በደቂቃ የሚያገኘው ቦታ ይቀመጥ፤ ቁልፉና በሩ በቀለምም፣ በእጅ ሲዳሰስ በሚለይ ምልክትም ይጣመሩ፤ እሳት ሲነሳ ተረኛው ማንንም ሳያስፈቅድ እንዲከፍት የሚያዝ አንድ ገጽ የጽሑፍ መመሪያ ይኑር፣ ከፍቶም እንዳይጠየቅ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ልምምድ። እስረኛውም ዘበኛውም በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ሌሊት ተነስተው ይሞክሩት። ልምምዱን የሚቃወሙ ኃላፊዎች "ለማምለጥ ያስተምራቸዋል" ይላሉ። እኔ ግን የማይታመን ምክንያት ነው የሚሆንብኝ፤ እስረኛው በሩ የት እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃል።

ቁልፉን ተውነው እንበል። ከበሩ ጀርባ ያለው የሰው ብዛት ግን ሁሉንም ነገር ያበላሻል። ኮንጎ ኪንሻሳ ውስጥ ማካላ የሚባል እስር ቤት አለ፣ የተሠራው ለ1,500 ሰው ነው። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 2024 ላይ ሌሊት ለማምለጥ ሙከራ ተደረገ ሲባል በውስጡ ከ10,000 በላይ ሰው ነበረበት። መንግሥት 129 ሰው ሞተ አለ፤ 24ቱ በጥይት፣ የቀሩት በአብዛኛው በመረጋገጥና በመታፈን። ከቂሊንጦ ጋር አስተያዩት፣ አገላለጹ ራሱ አንድ ነው። ሰው በተጫጫነበት ቦታ የሚገድለው ራሱ መተፋፈጉ ነው።

ብዛቱ ከየት ይመጣል? ብዙውን ጊዜ ከፍርደኛ አይመጣም። ቂሊንጦ በዋናነት የቀጠሮ እስረኛ የሚቆይበት ነው፤ ማለትም ጥፋተኛ ያልተባለ ሰው። ሕገ መንግሥታችን የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል፣ ይቀርባልም እንበል። ከዚያ ፖሊስ "ምርመራዬን አልጨረስኩም" ይላል፣ 14 ቀን ይሰጠዋል፣ እንደገና 14 ቀን። ዋስትና የተፈቀደለት ሰው ደግሞ በሌላ መዝገብ ተፈልገሃል ተብሎ ጣቢያው በር ላይ ተመልሶ ይያዛል። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን (ኢሰመኮ) ይሄን ስንት ጊዜ እንደጻፈ የተከታተለ ያውቀዋል። እኛ ይሄን ስናነብ የፍትሕ ጉዳይ ነው ብለን ነው፣ ትክክልም ነን። ግን የጥበቃ ጉዳይም ነው። አዳራሹ ውስጥ በጎን የሚያስተኛው ያ ተጨማሪ የ14 ቀን ቀጠሮ ነው።

ሲፈለግ ደግሞ መቀነስ እንደሚቻል አይተናል። መጋቢት 2012 ላይ ኮሮና ገና ሲገባ 4,011 እስረኞች በይቅርታ እንዲወጡ ተደረገ። በቀላል ወንጀል የታሰሩ፣ የመፈቻ ጊዜያቸው የደረሰ። ኦሃዮም ከዚያ ሁሉ ሬሳ በኋላ በዓመቱ የአመክሮ ቦርድ አቋቋመች። የኛው ውሳኔ ጥሩ ነበር፤ የሚያሳዝነው በሽታ መጥቶ ነው የታሰበው፣ በሽታውም ሲረሳ ነገሩ አብሮ ተረሳ።

አሁን ሌሊቱን አስቡት። ቆጠራ አልቆ በሩ ተቆልፏል። ውስጥ ሁለት መቶ ሰው፣ ውጭ ሁለት ወይም ሦስት ዋርድያ። ከዚህ ሰዓት በኋላ አዳራሹን የሚያስተዳድረው ማነው? የታሰረ ሰው ያውቃል፤ ካቦው ነው። ካቦ ራሱ እስረኛ ነው። ማን የት እንደሚተኛ የሚመድበው እሱ ነው፣ መጸዳጃ ቤት አጠገብ መተኛትና መስኮት አጠገብ መተኛት ደግሞ አንድ አይደለም። ደህና ካቦ ካለ አዳራሹ ሰላም ነው፣ ይሄን የሚመሰክር ብዙ ሰው ታገኛላችሁ፤ ገንዘብ የሌለው አዲስ ገቢ ሽማግሌ አልጋ የሚያገኘው በደህና ካቦ ነው። ክፉ ካቦ ካለ ግን ቦታ ይሸጣል፣ ይቀጣል፣ ወሬ ያመላልሳል። የተባበሩት መንግሥታት በ2015 እ.ኤ.አ. ያጸደቃቸው፣ ስለ እስረኞች አያያዝ የሚደነግጉት የማንዴላ ደንቦች፣ ደንብ 40፣ ማንም እስረኛ በሌላ እስረኛ ላይ የመቅጣት ሥልጣን አይሰጠው ይላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የመንግሥት ሥልጣን ለታሰረ ሰው በኮንትራት ተሰጠ ማለት ነውና። ካቦን ግን በመመሪያ ማጥፋት አይቻልም። ካቦ የተፈጠረው ዘበኛ ስላነሰ ነው፤ ዘበኛ ሳይጨምሩ ካቦን ማንሳት አዳራሹን ለጉልበተኛ መስጠት ነው።

ስለ ዋርድያው ራሱስ ማን ያወራል? እስረኛው ጠበቃ አለው፣ ቢያንስ ጠያቂ አለው። ዋርድያው ከከተማ ወጣ ባለ ቦታ፣ በትንሽ ደመወዝ፣ በረጅም ፈረቃ፣ የሚፈራውንም የሚጠላውንም ሰው እየቆጠረ ይኖራል። በሞባይል አንድ ሺህ ብር ብታሳዩት ዓይኑን ቢጨፍን ለምን ይገርማል? ኖርዌይ ውስጥ የእስር ቤት ጠባቂ ለመሆን ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ይገባል፤ ሕግ ይማራል፣ ሥነ ልቦና ይማራል፣ ከእስረኛ ጋር አብሮ ምሳ ይበላል። ኖርዌይ ሀብታም ናት፣ እሺ። ነገር ግን ሐሳቡ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ከእስረኛው ጋር የሚነጋገር ዘበኛ ጠብ ሊነሳ መሆኑን፣ አንዱ ራሱን ሊያጠፋ መሆኑን፣ ስለት መግባቱን ከካሜራ በፊት ይሰማል። የሰውን ስም የሚያውቅ ጠባቂ ከማማው ይበልጣል።

ፍተሻም እንዲሁ ነው። የሚያሳዝነው ጉልበታችንን የምናፈሰው እናት ይዛ የመጣችው ወጥ ላይ ነው። ማንኪያ ይገባበታል፣ እንጀራው ይገላበጣል፣ ቅመሺ ትባላለች። ይሄ ይሁን፤ ምግብ ውስጥ ነገር የሚደብቅ አለ፣ መርዝም ያሰጋል። ግን ስልክና ሐሺሽ አዳራሽ ውስጥ በብዛት ሲገኝ በእናቶች ሰፌድ ብቻ ገባ ማለት ራስን ማታለል ነው። በየቀኑ ሳይፈተሽ የሚወጣና የሚገባ ሰው ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ዋርድያውም፣ ኃላፊውም፣ አቅራቢ ነጋዴውም በአንድ በር ይግቡ፣ በአንድ እጅ ይፈተሹ።

እንግሊዞች ይሄን ሁሉ ነገር በውድ ዋጋ ነው የተማሩት። ሚያዝያ 1 ቀን 1990 (በእነሱ አቆጣጠር) ማንችስተር ባለው ስትሬንጅዌይስ እስር ቤት፣ ጸሎት ቤት ውስጥ፣ እሁድ ቀን ዓመፅ ተነሳ። ቤቱ የተሠራው ለ970 ሰው ነበር፣ ውስጡ 1,647 ነበሩ። እስረኞች ጣሪያ ላይ ወጡ፣ 25 ቀን ሙሉ አንወርድም አሉ፣ ዓለም በቴሌቪዥን አየው። አንድ እስረኛና አንድ ጠባቂ ሕይወታቸው አለፈ፣ ሕንጻው ፈራረሰ። መንግሥት እንዲያጣራ የመደበው ዎልፍ የሚባል ዳኛ ነበር። ሰውየው ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ዓመፅ ለተነሳባቸው እስር ቤቶች እስረኞችና ሠራተኞች ደብዳቤ ጻፈላቸው፣ ምን ሆነ ብሎ ጠየቃቸው። እነሱም ጻፉለት።

በ1991 ያወጣው ሪፖርት እስር ቤት በሦስት ነገር ይቆማል አለ፤ እንዳያመልጡ መጠበቅ፣ ውስጥ ሥርዓት ማስያዝ፣ ፍትሕ። አንዱን ብቻ ካጠበቅህ ሦስቱም ይወድቃሉ ነው ነገሩ። እስረኞቹ ከጻፉት ውስጥ ተደጋግሞ የመጣው ምን መሰላችሁ? ባልዲ። በዚያ ዘመን በብዙ የእንግሊዝ እስር ቤቶች ክፍሉ ውስጥ መጸዳጃ አልነበረም፤ ሰው ሌሊት በባልዲ ይጠቀምና ጠዋት ተሰልፎ ይደፋል። ንግሥቲቱ ትኖርበት የነበረ አገር! ልማዱ እስከ 1996 ድረስ ተጎትቶ ነው የቀረው። ከባልዲው በተጨማሪ ለቤተሰብ መደወል አለመቻል፣ አቤት ስትል መልስ አለማግኘት። ለጣሪያው ዓመፅ ምክንያት የሆነው መልስ ያላገኘ አቤቱታ ነው ብዬ ባጠቃልለው ዎልፍ የሚቃወመኝ አይመስለኝም።

እኛ ጋ አቤቱታ ያቀረበ ሰው ዕጣው ምንድነው? ጨለማ ቤት የሚባለውን የማያውቅ የታሰረ ሰው የለም። የማንዴላ ደንቦች ለብቻ ማሰርን ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ይከለክላሉ፣ ጨለማ ክፍልንም ጭራሽ ይከለክላሉ። ማዕከላዊ የሚባለው የፖሊስ ምርመራ እስር ቤት በ2010 ዓ.ም. ተዘጋ፤ እነዚያ "ሳይቤሪያ" የሚባሉ ክፍሎች በኋላ ለሕዝብ ተከፍተው ሰው ገብቶ አይቷቸዋል። በዚያው በ2010 ክረምት የፌዴራል ማረሚያ ቤቶች የበላይ ኃላፊዎች የእስረኛ መብት አላስከበራችሁም ተብለው ከቦታቸው ተነሱ። ጥሩ ነበር። ነገር ግን ሰው በማንሳት የተለወጠ ነገር ሰው በመሾም ይመለሳል፤ የአቤቱታ ሳጥኑ ቁልፍ አሁንም እዚያው በሚከሰሰው ኃላፊ ኪስ ውስጥ ከሆነ ምን ተለወጠ?

ስለ ጠመንጃም አንድ ነገር ልበል። በማንዴላ ደንቦች ደንብ 82 መሠረት ከእስረኛ ጋር ፊት ለፊት የሚሠራ ጠባቂ፣ ልዩ ሁኔታ ካልሆነ በቀር፣ መሣሪያ አይያዝም። ለእስረኛው ታስቦ ብቻ አይደለም። መቶ ሰው መካከል የገባ አንድ ክላሽ ከደቂቃ በኋላ በማን እጅ እንደሚሆን ማንም አያውቅም። መሣሪያው ማማው ላይና ውጭ አጥሩ ላይ ይቀመጣል። ውስጥ የሚገባው ሰው ፊሽካና ሬዲዮ ይዞ ነው የሚገባው። አንድ እስረኛ በሞተ ቁጥር ደግሞ፣ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን፣ ከእስር ቤቱ አስተዳደር ውጭ ለሆነ አካል ይነገራል፣ ያም አካል ያጣራል፤ ይሄም ደንብ 71 ነው። ቂሊንጦን ያጣራው ግን በዋናነት ፖሊስ ነበር።

የመዝገቡን ነገር እመለስበታለሁ ብዬ ነበር። ሰንዓ ላይ ማን እንደሞተ ያልታወቀው መዝገብ ስላልነበረ ነው። የኛም አገር ከዚህ ሩቅ አይደለም። መደበኛ እስር ቤቶቻችን ምንም ቢሆኑ ቆጠራ አላቸው፣ ኩሽና አላቸው፣ የጥየቃ ቀን አላቸው። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅ ግን ሰው የሚታጎረው ካምፕ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ መጋዘን ውስጥ ነው። አዋሽ አርባን ያስታወሰ ያስታውሳል። ኢሰመኮ "መደበኛ ያልሆኑ ማቆያዎች" ይላቸዋል። ትምህርት ቤት ለእስር አልተሠራም፤ በሩ ወደ ውስጥ ይከፈታል፣ መስኮቱ ላይ በችኮላ ብረት ይበየድበታል፣ ሽንት ቤቱ ለቀን ተማሪ ነው። ጠባቂው ደግሞ የእስር ቤት ዘበኛ ሳይሆን ለሌላ ሥራ የሰለጠነ ሰው ነው። እዚያ እሳት ቢነሳ ማን ማንን ነው የሚቆጥረው? ጠያቂ እናት ስንቅ ይዛ "እዚህ የለም" እየተባለች ከበር በር የምትዞረው መዝገብ ስለሌለ ወይም መዝገቡ ስለሚደበቅ ነው። መዝገብ የወረቀት ጣጣ ይመስላል፣ ግን የጠፋ ሰው የሚፈለግበት ብቸኛው ገመድ እሱ ነው።

ቁጥጥሩስ? ኢትዮጵያ ፀረ ስቃይ ስምምነቱን በ1994 እ.ኤ.አ. ተቀብላለች። ገለልተኛ አካላት እስር ቤቶችን በየጊዜው እንዲጎበኙ ግዴታ የሚያደርገውን ተጨማሪ ፕሮቶኮል ግን አልፈረመችም። ቢሆንም ኢሰመኮ በ2012 ዓ.ም. በተሻሻለው አዋጁ ሳያሳውቅ ማንኛውም ማቆያ ውስጥ የመግባት ሥልጣን አለው፣ ይገባልም። ሪፖርቶቹን ያነበበ ሰው ስለ ምግብ፣ ስለ ውኃ፣ ስለ መኝታ፣ ስለ ሕክምና፣ ስለ ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጋር ስለመታሰራቸው ብዙ ያገኛል። ይሄ ሁሉ ይቀጥል። እኔ ልጨምርላቸው የምፈልገው ጥቂት ጥያቄ ነው፣ ጋዜጠኞችም ኃላፊ ሲያገኙ ቢጠይቁት ጥሩ ነው። ትናንት ሌሊት ስንት ሰው ተረኛ ነበር? የዚህ አዳራሽ ሁለተኛ ቁልፍ የት ነው፣ አሁን አምጥተህ ክፈትልኝ፣ ሰዓት ልያዝ። የመጨረሻው የእሳት ልምምድ መቼ ተደረገ? ዋርድያው ሳያስፈቅድ እንዲከፍት የተጻፈለት ወረቀት አለ ወይ፣ ካለ እሱ ራሱ አይቶታል?